31 ኢሜይል ልከን አንድም መልስ አላገኘንም

ጥያቄ፦ “ጤና ይስጥልኝ። ቡታጅራ አካባቢ ያለን 23 ወጣቶች ነን። ሁለት እድሮች አብረውን አሉ። ሰፈራችን ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውኃ የለውም፤ መጸዳጃ ቤቱም ለመግባት ያስፈራል። ትልልቆቹ ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ሰሞን ይቀራሉ። ከትምህርት ቤቱ በላይ አንድ ምንጭ አለ። እሱን አጎልብተን ውኃውን በቧንቧ ለማምጣትና የሴቶች መጸዳጃ ለመሥራት 14 ገጽ ፕሮፖዛል ጻፍን። ለ31 ድርጅቶች በኢሜይል ላክን። ሁለት ወር አለፈው፣ ማንም አልመለሰም። አንድ ሰው ደግሞ ‘40 ሺህ ብር ክፈሉኝና አሳምሬ ልጻፈው፤ ገንዘቡ ሲለቀቅ 10 በመቶ ትሰጡኛላችሁ’ ብሎናል። የተመዘገበ ማኅበር የለንም። ገንዘብ ከየት ነው የሚገኘው? ማንንስ ነው መጠጋት ያለብን?”

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰውዬውን እንሸኘው።

40 ሺህ ብሩን አትክፈሉ። ፕሮፖዛል ለሚጽፍ ባለሙያ የላቡን መክፈል ነውር የለውም። እኔም ለዓመታት እንጀራ የበላሁት በዚሁ ሥራ ነው። ነውሩ ያለው 10 በመቶው ላይ ነው። የለጋሽ ገንዘብ የሚመጣው በየመስመሩ ተቆራርጦ ነው፤ ይሄ ለሲሚንቶ፣ ይሄ ለቧንቧ፣ ይሄ ለግንበኛ። “ለአስጻፊ ኮሚሽን” የሚል መስመር የለውም። እናንተ ታዲያ ያንን 10 በመቶ ከየት ታመጣላችሁ? ከሲሚንቶው ቀንሳችሁ፣ የውሸት ደረሰኝ አስቆርጣችሁ ነዋ። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። አስጻፊው ያን ጊዜ ስልኩንም አያነሳም።

በነገራችን ላይ “ለምዝገባ ክፈሉ” የሚሉም አሉ። የአሜሪካ መንግሥት ድጎማ የሚጠይቅ ድርጅት የሚመዘገብበት ሳም የሚባለው ድረ ገጽ ነፃ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ምዝገባ እንደዚያው ነፃ ነው። ክፍያ ከተጠየቃችሁ የምታወሩት ከደላላ ጋር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ 31ዱ ኢሜይል እንምጣ።

መልስ ያጣችሁት ጽሑፋችሁ መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም። አላነበቡትም። አብዛኛው ለጋሽ ጥሪ የሚያወጣው በራሱ ጊዜ ነው። የራሱ ቅጽ አለው፣ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ከዚያ ውጪ የመጣ ወረቀት የሚገባበት መዝገብ የለም። በጥሪው ጊዜ የገባም ቢሆን ሐሳቡ ወዲያው አይነበብም። እኔ በተቀመጥኩባቸው የመራጭ ኮሚቴዎች መጀመሪያ የሚደረገው ማጣራት ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀት አለው? በድርጅቱ ስም የባንክ ሒሳብ አለው? ቅጹ ሙሉ ነው? ተፈርሟል፣ ማኅተም አለው? የተጠየቀው ገንዘብ ከጣሪያው በታች ነው? አንዱ ከጎደለ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። አንድ ጊዜ በጣም የወደድኩት የንብ ማነብ ሐሳብ በጀቱ ከጣሪያው በትንሽ ስላለፈ ብቻ ወደቀ። ተከራክሬ ነበር። “ለዚህ ከፈቀድን ለሌላው ምን ብለን እንከለክላለን?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ጽሑፍ ለ31 ቦታ ሲላክ ደግሞ ያስታውቃል። “ለሚመለከተው ሁሉ” ተብሎ የተጀመረ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም።

ጊዜውም ከብዷል። የአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ በ2025 በፈረንጆች መጀመሪያ ላይ ሥራው እንዲቆም ተደረገ። በማርች ወር ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው መሰረዙ ተነገረ። ጁላይ 1 ቀን ተቋሙ ራሱ ሥራውን አበቃ። እኛ አገር በዚያ ገንዘብ ይተዳደር የነበረውን ድርጅት ብዛት አንቺም በአካባቢሽ አይተሽው ይሆናል። ድሮ 30 እና 50 ሺህ ዶላር የሚል ጥሪ ዞር ብለው የማያዩ ድርጅቶች ዛሬ ከእናንተ ጋር ወረፋ ይዘዋል። በፕሮፖዛል አጻጻፍ አታሸንፏቸውም። ሙሉ ክፍል ሠራተኛ አላቸው። እናንተ ያላችሁ፣ እነሱ የሌላቸው፣ ሰፈሩ ነው። ስለዚህ ከዚያ ነው መነሳት ያለባችሁ።

ገንዘብ ፍለጋውን ከኢንተርኔት አትጀምሩት። ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ጀምሩት።

ለምን መሰለሽ? በአንድ ወረዳ የሚሠራ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ዝም ብሎ ገብቶ አይሠራም። የፕሮጀክት ስምምነት ይፈራረማል። በስምምነቱ ላይ የድርጅቱ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ ቀበሌው፣ በጀቱ፣ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ይሄን የሚከታተለው የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ “በወረዳችን በውኃ፣ በትምህርትና በሴት ልጆች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች እነማን ናቸው?” ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። የእድሮቹን ማኅተም አስመቱበት። በኢንተርኔት አንድ ወር ፈልጋችሁ የማታገኙትን እዚያ በአንድ ከሰዓት ታገኙታላችሁ። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ከተባላችሁ ግን ሁለት ከሰዓት በሉት። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ነሐሴ ላይ ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ስለተደለደሉ ጉዳያችሁ ወደ ክልል ከወጣ የትኛው ቢሮ የት ከተማ እንዳለ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሆሳዕና ድረስ ሄዶ “እዚህ አይደለም” መባል ያናድዳል።

ዝርዝሩ እጃችሁ ሲገባ በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ ሥራቸው የማያልቅ ሦስት ወይም አራት ድርጅቶች ምረጡ። በውኃ የሚሠራ ድርጅት ከሆነ የምትጠይቁት ገንዘብ አይደለም። “ይህን ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችሁ ውስጥ ልታስገቡት ትችላላችሁ? እኛ ይሄን ይሄን እንሸፍናለን” ነው የሚባለው። ይሄ ጥያቄ ለፕሮጀክት ኃላፊው ደስታ ነው። ማኅበረሰቡን ማስተባበር ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው፤ እናንተ ሠርታችሁት መጣችሁ ማለት ነው።

ከዚያው ሳትርቁ ውኃ ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግቡ። ከ2013 በፈረንጆች ጀምሮ ዋን ዋሽ የሚባል ብሔራዊ ፕሮግራም አለ። ውኃን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና ገንዘብን አንድ ላይ የሚያሠራ ነው። ትምህርት ቤታችሁ በወረዳው የውኃና ንፅህና ዕቅድ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ምንጩስ ከዚህ በፊት ተጠንቷል? ጥናት መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ከተገኘ ትልቅ ወጪ ቀነሳችሁ።

ካልተጠና ደግሞ እናንተው ጀምሩት። 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። በደረቅ ወቅት፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ ውኃውን በአንድ ቱቦ ሰብስባችሁ ጀሪካኑ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ለኩ። በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው። ይሄ ቁጥር “ንጹሕ ውኃ የሕይወት መሠረት ነው” ከሚለው ገጽ ሁሉ ይበልጣል። እንዲያውም ያንን ገጽ አውጡት። ማንም የውኃን ጥቅም ሊማር ፕሮፖዛል አያነብም።

ፍሎራይድም አስመርምሩ። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በኩል፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ ሲባል፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የእናንተ ምንጭ ከተራራው ሥር ከሆነ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ግን የላቦራቶሪ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለዚህ ወረቀት የሚፈርምላችሁ የውኃ ባለሙያ ካገኛችሁ ራሱን እሱን ተጠራጠሩት።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ምንጩ የማን ነው? ከሥሩ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ? ከብት የሚያወርድስ? ቧንቧው የሚያልፈው በማን ማሳ ነው? ይሄን በሽማግሌ ጨርሱና በቃለ ጉባኤ አስፍሩት፣ ቀበሌው ያረጋግጠው። ገንዘብ ተለቆ፣ ቧንቧ ተገዝቶ፣ በአንድ ሰው ማሳ ምክንያት ሥራው ሲቆም አይቻለሁ። ያኔ የሚመጣው ሽምግልና ዋጋው እጥፍ ነው። ሁሉም ገንዘብ መኖሩን አውቆታላ።

እድሮቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በጥያቄሽ ውስጥ “ሁለት እድሮች አብረውን አሉ” ብለሽ አልፈሽዋል። ለእኔ ትልቁ ዜና እሱ ነው። እድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብ አለው። ስንት ዓመት ሳይፈርስ ቆይቷል? የአዲስ ማኅበር ትልቁ ጉድለት “ነገ ይኖራል ወይ?” የሚለው ነው። እድራችሁ ለዚያ መልስ ነው። እናንተ አካባቢ ደግሞ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ ተሰባስበው፣ ነጋዴውም ቀን ሠራተኛውም አዋጥቶ፣ ከአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር ተባብረው ወደ አገራቸው መንገድ አስገብተዋል። ያኔ “ማቺንግ ፈንድ” የሚል ቃል የሚያውቅ አልነበረም። አሠራሩ ግን እሱው ነው፤ ይሄን ያህል አዋጥተናል፣ እናንተስ?

ስለዚህ የራሳችሁን መዋጮ በብር ተምኑት። የስንት ሰው የስንት ቀን ጉልበት? በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ አባዙት። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ የቁፋሮ ሥራ፣ ግንበኛው የሚያድርበት ቤት፣ የጥበቃ ተራ። የእድሩ ጥሬ ገንዘብ ትንሽም ብትሆን ትኑርበት። ግን እውነት ይሁን። “የማኅበረሰብ መዋጮ 30 በመቶ” ተብሎ ተጽፎ መሬት ላይ አንድ አካፋ ያልተነሳበት ፕሮጀክት ስላለ፣ ገምጋሚ ይሄን መስመር በጥርጣሬ ነው የሚያየው። የቀን መዝገብ ይዛችሁ፣ ስምና ፊርማ ካለው፣ ጥርጣሬው ያበቃል።

“ገንዘብ ለተራ ሰው አይሰጥም” የሚላችሁ ካለ ኮዋሽን አንሱለት። ፊንላንድ የደገፈችው የገጠር ውኃ ሥራ ነው። መነሻው አማራ ክልል ውስጥ የተሞከረ አሠራር ነበር፤ ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለውኃ ኮሚቴው ይሄዳል፣ ግዢውንም ግንባታውንም የሚመራው ኮሚቴው ነው። ከ2011 በፈረንጆች ጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎችም ሰፋ። ይሠራል ማለት ነው። የውኃ ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ሴቶች በቁጥር ማሟያነት ሳይሆን ገንዘብ ያዥ ሆነው ይግቡበት።

ምዝገባው። ሦስት መንገድ አላችሁ። የመጀመሪያው የራሳችሁን ድርጅት ማስመዝገብ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው። በቀድሞው የ2001 ሕግ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ የሚሠራ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ ማለፍ አይችልም ነበር። ነባር ድርጅቶች እስካሁን “መብት” የሚለውን ቃል በፍርሃት የሚዘሉት ከዚያ የቀረ ልማድ ነው። የፌዴራሉ ባለሥልጣን የሚመዘግበው ከአንድ በላይ ክልል የሚሠሩትን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚቋቋሙትንና የውጭዎቹን ነው። እናንተ አንድ ወረዳ ውስጥ ስለሆናችሁ በራችሁ ክልሉ ነው። አዋጁ እድርና እቁብን አይመለከትም። ስለዚህ እድሮቹን ወደ ድርጅትነት ለመለወጥ አትሞክሩ፤ እንዳሉ ይቆዩ።

ሁለተኛው መንገድ ሕጋዊ ሰውነት ካለው ድርጅት ሥር መግባት ነው። ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ርዕሰ መምህር አለው፣ የባንክ ሒሳብ አለው፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለው።

እኔ ብሆን በሦስተኛው ጀምሬ በጎን የመጀመሪያውን አስኬድ ነበር። ምዝገባ እስኪያልቅ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ከትምህርት ቤቱ፣ ከእድሮቹና ከእናንተ የተውጣጣ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፈራሚ። የመጀመሪያዋን ትንሽ ሥራ በዚህ ሥሩ። የእጅ መታጠቢያም ትሁን፣ የመጸዳጃው በርና ቁልፍ። በሩ የማይቆለፍ መጸዳጃ ለሴት ልጅ መጸዳጃ አይደለም። ይሄን ለመሥራት ለጋሽ አያስፈልግም። ከሠራችሁ በኋላ ግን ደረሰኝ፣ ፎቶና የሒሳብ ሪፖርት አላችሁ። “ልምድ” ተብሎ ቅጹ ላይ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

አሁን ወደ በሮቹ።

ለእናንተ መጠን የሚሆኑት ኤምባሲዎች የሚሰጧቸው ትንንሽ ድጎማዎችና ንዑስ ድጎማዎች ናቸው። የካናዳ መንግሥት ለአገር በቀል ሥራዎች የሚሰጠው ፈንድ አለ፤ ብዙዎች ሲኤፍኤልአይ ይሉታል። ጣሪያው 100,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል። ልብ በሉ፣ የካናዳ በጀት ዓመት የሚዘጋው በማርች 31፣ መጋቢት 22 ነው። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ ውሎ ማለቅ አለበት። የመሬት ስምምነት፣ የውኃ ምርመራ፣ ዲዛይን ገና የሆነ ፕሮጀክት በዚያ ጊዜ አይደርስም። ለዚህ ነው ከላይ ያሉትን ነገሮች አሁኑኑ ጨርሱ የምለው፤ ጥሪው የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

የጃፓን ኤምባሲ ጂጂፒ የሚባል ድጎማ አለው። ጃፓን ይህን አሠራር ከ1989 በፈረንጆች ጀምሮ በብዙ አገሮች ታካሂዳለች። ግንባታና ዕቃ ላይ ጎበዝ ነው፤ ደሞዝና የየዕለት ወጪ ግን አይሸፍንም። የዋጋ ማወዳደሪያ ፕሮፎርማ ይጠይቃል። የድርጅቱንም የሥራ ልምድ ያያል። እናንተ አሁን በቀጥታ ባታልፉም አጋር ድርጅት በስሙ ሊያቀርበው ይችላል።

በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የጂኢኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ) ትንንሽ ድጎማ ፕሮግራም ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ ነው። ከ1992 በፈረንጆች ጀምሮ አለ፤ ለአንድ ፕሮጀክት ለረጅም ጊዜ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነበር። ምንጩ እንዳይደርቅ ከላዩ ያለውን ተዳፋት በእርከንና በአገር በቀል ዛፍ ለመሸፈን የምታስቡ ከሆነ ያ ክፍል እዚህ ይሄዳል። ካላሰባችሁ ግን ለጥሪው ብላችሁ አትፍጠሩት። ጥሪ ባየ ቁጥር መልኩን የሚቀይር ማኅበር አውቃለሁ። አንድ ዓመት የወጣት ሥራ ፈጠራ፣ በሚቀጥለው የአየር ንብረት፣ ከዚያ ሰላም ግንባታ። ዛሬ ምን እንደሚሠራ ራሱም አያውቅም።

ንዑስ ድጎማ የሚባለው ትልቅ ድርጅት ከአውሮፓ ኅብረት ወይም ከሌላ ለጋሽ ወስዶ ለትንንሾች የሚያከፋፍለው ነው። ቅጹ ቀለል ይላል፤ ስልጠናም አብሮ ይሰጣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር የለም። ጥሪዎቹን ለማግኘት የድርጅቶች ኅብረቶችን ተከታተሉ። ሲሲአርዲኤ ከ1973 በፈረንጆች ጀምሮ ያለ ኅብረት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤትም በአዋጁ የተቋቋመ ነው። የኤምባሲዎቹንም የፌስቡክ ገጽ ተከተሉ፤ ጥሪ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

14 ገጹን ወደ ሁለት ገጽ አውርዱት። ኮንሰፕት ኖት ይባላል። ለምሳሌ “በአካባቢያችን ከፍተኛ የውኃ እጥረት በመኖሩ ሴት ተማሪዎች ለተለያዩ ችግሮች ይጋለጣሉ” የሚለውን ጣሉት። በምትኩ የክፍል ስም መጥሪያውን ውሰዱ። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ሴቶች ባለፈው ሴሚስተር ስንት ቀን ቀሩ? ወንዶቹስ? ልዩነቱን ጻፉ። መረጃው ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። ማንም ስላልደመረው ነው እንጂ ጥናት የሚባለው ይሄው ነው። ከዚያ የምንጩ ልኬት፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የማሳው ስምምነት፣ የእናንተ መዋጮ፣ የጎደለው ገንዘብ። በመጨረሻ ቦኖው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ። ይሄ የመጨረሻው ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ አያወላዳም። እድሩ በወር ከየቤቱ ጥቂት ብር ለጥገና ሊይዝ ከወሰነ ቃለ ጉባኤውን አያይዙ።

በጀት ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛው ምንዛሪ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በብር ውል የነበራቸው ሰዎች ፌሮና ቧንቧ ሲጨምርባቸው ግማሽ ግንብ ላይ ቆሙ። ፕሮፎርማችሁ የስንት ቀን ዕድሜ እንዳለው እዩ፤ ለጋሹ የዋጋ ለውጥ መጠባበቂያ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ። ሁለተኛው ግብር ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? አንዳንድ ለጋሽ ታክስ አይከፍልም። ሦስተኛው ደረሰኝ ነው። አሸዋ የሚያወርድላችሁ ሰው ደረሰኝ የለውም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት “እንዲህ ያለውን ክፍያ በምን ሰነድ ነው የምትቀበሉን?” ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማና ምስክር ያለው የክፍያ ሰነድ የሚቀበሉ አሉ። ከክፍያው በኋላ ከጠየቃችሁ ግን ገንዘቡን ከኪሳችሁ ትመልሳላችሁ።

በሌላ ድርጅት ሥር የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። ወጣት ሳለሁ በአንድ የሰፈር ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ትልቅ ድርጅት በአጋርነት ጋበዘን። የመግባቢያ ሰነዱን በደስታ ፈረምን፤ ኬክም ቆርሰናል። ሰነዱ ላይ “በመተባበር ይሠራሉ” ይላል እንጂ ማን ስንት ብር እንደሚይዝ አይልም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሰበሰብንላቸው፣ ፎቶ ላይ ወጣን፣ ለስልክና ለትራንስፖርት ከኪሳችን አወጣን። በጀቱን ያየሁት ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ በአጋጣሚ ነው። በእኛ ማኅበር ስም መስመር ነበረው። ስሙን አልጠራም፤ ሕጉን የጣሰ ነገርም ላይኖር ይችላል። ሳናነብ የፈረምነው እኛ ነን።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። የሙሉ በጀቱ ቅጂ ይሰጣችሁ። የእናንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚለቀቅ፣ ግዢውን ማን እንደሚፈጽም፣ ዕቃው በመጨረሻ የማን እንደሚሆን ይጻፍ። አስተዳደራዊ ወጪም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በተለምዶ ከቀጥታ ወጪው እስከ 7 በመቶ ለተዘዋዋሪ ወጪ ይፈቅዳል። ሁሉንም ትልቁ ድርጅት ይዞት እናንተ ለወረቀትና ለካርድ ከኪስ የምታወጡበት ምክንያት የለም። መጠየቅ ነውር አይደለም። “እነዚህ ልጆች ገና ሳይጀምሩ ገንዘብ ገንዘብ ይላሉ” የሚል አጋር ከመጣ መልሱን አገኛችሁ፤ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ስለ ውጭ አገር ሰዎች ባጭሩ። ከሰፈራችሁ ወጥቶ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባም አለ፤ እሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ ትረሱታላችሁ። አሜሪካ ያሉት የሚሰጡት ገንዘብ ከግብራቸው እንዲቀነስ ከፈለጉ በዚያ አገር 501 ሲ 3 ተብሎ በተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ማለፍ አለበት፤ በቀጥታ ለእድር ቢልኩ አይቀነስላቸውም። እዚህ አገርም በገቢ ግብር አዋጅ 979 ነጋዴ ለተመዘገበ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ የሚሆንበት አሠራር ገብቷል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የሰፈር ልጅ የሚሰጠው ለግብር ብሎ አይደለም። የተማረበት ክፍል ፎቶ ሲደርሰው ነው። ለአንድ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁት፤ ለአንድ ቦኖ፣ ለአንድ በር። ሲያልቅ ፎቶውንና ሒሳቡን ላኩለት። ሁለተኛ ጊዜ ራሱ ይደውላል።

አሁን ጥቅምት ነው። መለካቱ እስከ የካቲት ይጠብቃል፤ ያኔ ነው የምንጩ ትክክለኛ ጉልበት የሚታየው። እስከዚያ የወረዳውን ዝርዝር ጠይቁ፣ የማሳውን ጉዳይ በሽማግሌ ጨርሱ፣ የስም መጥሪያውን ደምሩ፣ የመጸዳጃውን በር ስሩ። ሁለቱን ገጽ ስትጨርሱ፣ ከመላካችሁ በፊት፣ ምንም ስለ ፕሮጀክቱ ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። የእድሩ ጸሐፊ ጥሩ አንባቢ ይሆናል። እሱ ያልገባውን መስመር ገምጋሚውም አይገባውም። ለእኔም ብትልኩልኝ አያለሁ። አስር በመቶ አልጠይቅም።